ፀሐይዋ የጋራ ናት፤ ጥገናውም የጋራ ይሁን

ርእሰ አንቀጽ



ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ ቀርቷል። ለመብራት ብለን ያዋጣነው ገንዘብ በማኅበሩ ሣጥን አለ። ግማሹ ሰው «ገንዘቡ ሴል ይገዛበትና እያንዳንዱ ቤት ሶላሩን ራሱ ይሥራ» አለ። ሌላው ደግሞ «ያንን አይተነዋል፤ ገንዘባችንን ዳግመኛ ውኃ አይብላው» አለ። ክርክሩ ከረረ፣ መሸብን፣ ሳንስማማ ተበተንን። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ በየቡናው ይወራል እንጂ በማኅበሩ ስም የተባለ ነገር የለም። ዝም ማለታችንም ሐሜት አበዛ። ስለዚህ ኮሚቴው ተሰብስቦ የደረሰበትን ሐሳብ በዚህ ሰሌዳ ላይ ልናስቀምጥ ወደድን። ውሳኔው የናንተ ነው። እኛ የምናውቀውን እንነግራችኋለን፤ ያጠፋነውንም አንደብቅም።

ጥያቄው የመጣው ከጨለማ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ወሎ ከገባ በኋላ ላሊበላ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ኤሌክትሪክ መክረሟን ሁላችን እናስታውሳለን። እኛም በየቤታችን ጨለማ ምን እንደሆነ ቀምሰነዋል። ስልክ የሚሞላበት ጠፍቶ የራቀ ዘመድ ይኑር ይሙት ሳናውቅ ከርመናል። ልጆች በኩራዝ ጭስ ዓይናቸው እያለቀሰ አጥንተዋል። ምጥ የመጣባት ሴት በእጅ ባትሪ ብርሃን ወልዳለች። ከዚያ ወዲህ መብራት ቢመጣም የሰው ልብ አላመነውም። «የራሳችን ይኑረን» ማለት የጀመርነው ያኔ ነው። ሐሳቡ ያኔም ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው።

ታዲያ ከሰፈራችን ወጣቶች አንዱ፣ ኦፓል በመቁረጥና በማለስለስ እጁ የተፍታታ ልጅ፣ «ሶላር እኔ እሠራለሁ» ብሎ ተነሣ። ሴሎቹን ከአዲስ አበባ በዘመድ አስመጣ። በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ በየዳቸው፣ ኮምፔንሳቶ ላይ ደረደራቸው፣ ከላይ የመስኮት መስታወት ከደነባቸው፣ ጠርዙን በሲሊኮን አጣበቀ። ፀሐይ ላይ ሲያወጣው ራዲዮው ተናገረ። ያን ቀን ያልተደሰተ አልነበረም። እኛም ሳናቅማማ ከሣጥኑ ገንዘብ አውጥተን ሁለት አሠራን፤ አንዱን ለማኅበሩ ቢሮ፣ አንዱን ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት እናታችን።

ከጥር እስከ ግንቦት ደህና ሠራ። ሰኔ ሲገባ መስታወቱን ከውስጥ አላበው። በሐምሌ የተበየደበት ሽቦ አረንጓዴ ዝገት አወጣ። መስከረም ላይ የቢሮው ሶላር አንዲት አምፖል እንኳ ማብራት ተሳነው። በእናታችን ቤት የደረሰው ግን ከዚህ የባሰ ነው። ከባትሪው የሚወጣው ሽቦ ተልጦ ሁለቱ ጫፎች ተነካኩ፤ ሽቦው ግሎ ምንጣፉን አቃጠለ። ሳር ክዳን ቤት ነው። እግዜር ረድቷቸው ነቅተው ነበርና ውኃ ደፍተው አጠፉት። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ወደ ኩራዛቸው ተመለሱ። «ኩራዝ ቢያንስ እሳት መሆኑን አውቃለሁ» ነው የሚሉት።

ሰው ሁሉ ጣቱን በልጁ ላይ ቀሰረ። እሱም አፍሮ ስብሰባ መምጣት ተወ። እዚህ ላይ ኮሚቴው በግልጽ የሚለው አለው። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የኛ ነው። ባትሪው ላይ ፊውዝ ይኑር አይኑር የጠየቀ ከመካከላችን አንድ ሰው አልነበረም። ክረምቱን ሳናይ፣ የሚያውቅ ሰው ሳናማክር፣ በአንድ ቀን ደስታ የሕዝብ ገንዘብ አወጣን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? እኛ ጠምጥመን ነው መማር የጀመርነው።

አሁን የተማርነውን እንናገር። ሶላር ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሴሉ ነው፤ ያ ጥቁር ሰማያዊ ገጽ ያለው ቁራጭ። ሁለተኛው ሴሉን ተሸክሞ ከውኃና ከአየር የሚጠብቀው ልብሱ ነው። ሴል በቤት አይሠራም። የሚሠራው ሲሊከን ከሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ሲሊከን የሚቀልጠው በ1,414 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከቀለጠም በኋላ እጅግ መጥራት አለበት። አሜሪካኖቹ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያውን ለሥራ የሚበቃ የሲሊከን ሴል ሲያሳዩ፣ ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው ከመቶ 6 ያህሉን ብቻ ነበር። ዛሬ ፋብሪካ የሚያወጣው ከመቶ 20 አልፏል። በአገራችንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2025 በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሴል የሚያመርት ፋብሪካ ሥራ ጀምሯል። እንግዲህ ሴል ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል፤ በፋብሪካ ግን ነው እንጂ በጓዳ አይደለም።

በቤት የሚሠራ ሲባል ታዲያ የተሠራውን ሴል ገዝቶ መግጠም ማለት ነው። ይህ ይቻላል፤ ልጃችንም አሳይቶናል። አንድ ሴል ግማሽ ቮልት ያህል ነው የሚሰጠው፤ 36ቱ በሰልፍ ሲያያዙ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት ይበቃሉ። ሰልፉ ግን እንደ ሸክም ሰልፍ ነው። አንዱ ቢደክም ሁሉም ይቆማል። አንዲት ሴል ብትሰነጠቅ፣ አንድ ብየዳ ቢላቀቅ ወይም የባሕር ዛፍ ጥላ አንዷን ቢሸፍናት የሠላሳ ስድስቱም ጉልበት ይወርዳል፤ የተሸፈነችውም ትግላለች።

ዋናው ጠላት ግን ውኃ ነው። ፋብሪካ ሴሎቹን በሁለት የፕላስቲክ ንጣፍ መካከል ያስገባና አየሩን መጦ በ150 ዲግሪ ገደማ ሙቀት አንድ አካል ያደርጋቸዋል። ከላይ በረዶ የሚችል ጠንካራ መስታወት ያለብሳቸዋል። እኛ ያደረግነው የመስኮት መስታወት በማጣበቂያ መለጠፍ ነው። የኛ አገር ደግሞ ቀን ፀሐዩ ያነዳል፣ ሌሊት ቁሩ አጥንት ይሰብራል። መስታወቱና እንጨቱ ቀን ሲለጠጡ ሌሊት ሲኮማተሩ ማጣበቂያው ይላቀቃል፣ እርጥበት ይገባል። ኦፓል የምትሠሩ ይህን ከኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። የኛ የወሎ ኦፓል ውኃ ሲጠጣ መልኩ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ሴል ግን አንዴ ውኃ ከገባበትና ከዛገ አይመለስም።

በዚህ ላይ የተሠራ ፓኔል ዋጋው በዓለም ገበያ ካለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ እጅግ ወርዷል። ደህና ፓኔል ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። አንድ ክረምት የማይሻገር ነገር በእጃችን ሠራን ብለን መኩራት፣ ገንዘቡ የድኻ መዋጮ ሲሆን፣ ኩራት አይባልም።

«እንግዲያስ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» የሚል ይኖራል። አይደለም! ቁምነገሩ እዚህ ላይ ነው። እስቲ ዙሩና በየቤቱ የሞቱትን ሶላሮች ተመልከቱ። እኛ ዞረን አይተናል። ከገበያ ተገዝተው ከሞቱት አብዛኞቹ ላይ ፓኔሉ ደህና ነው። የሞተው ባትሪው ነው፣ ወይም የተበጠሰው ሽቦው ነው፣ ወይም የተቃጠለው ኮንትሮለሩ ነው። ባለቤቱ የሚጠግንለት ስላጣ ፓኔሉን እህል ማስጫ አድርጎት አየን። በእጅ መሠራት ያለበት፣ በእጅም የሚሠራው ይኸ ነው። ማቆሚያውን፣ ሽቦውን፣ የባትሪውን ሣጥንና ጥገናውን ማለታችን ነው።

ለምሳሌ ማቆሚያውን እንውሰድ። ወገል ጤና ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፓኔል ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ 15 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይበቃዋል። ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግም፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር የሆነ ፓኔል በሰሜን በኩል 26 ሳንቲም ከፍ ይበል፣ አለቀ። እንዲህ ካዘነበለ አቧራውን ዝናብ ያጥብለታል። ከቆርቆሮው ጋር ግን አይጣበቅ፤ ከሥሩ ነፋስ ይለፍበት። ሲሊከን ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በጨመረ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ ከመቶ ግማሽ የማይሞላ ይቀንሳል። የደጋችን ብርድ እዚህ ላይ ጠቀመን ማለት ነው። በቆላ ሐሩር ካለ ፓኔል የኛው በአንድ ዓይነት ፀሐይ ይበልጥ ይሰጣል።

ሁለተኛው ሒሳብ ማወቅ ነው። ባለ 50 ዋት ፓኔል በበጋ ቀን የአምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 250 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ሲሦው በባትሪና በሽቦ ይባክናል ብንል 165 ያህል ይቀራል። ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖል አራት አራት ሰዓት ቢበራ 60 ነው። ራዲዮ 20 ይውሰድ፣ አራት ስልክ 45 ይውሰድ። ድምሩ 125 ሆነ፤ የተረፈው ለደመና ቀን ነው። ምጣድ ልስካበት ለሚል ግን መልሱ አጭር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጠይቃል፤ ሰባ እንዲህ ያለ ፓኔል መሆኑ ነው። ይህን ሒሳብ ሳያውቁ የገዙ ሰዎች ናቸው «ሶላር ውሸት ነው» እያሉ የሚያወሩት።

ሦስተኛው ባትሪ ነው፤ እዚህ ላይ አደራ እንላለን። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት የተሠራ ስለሆነ እስኪያልቅ እየተጠቀሙ ቢሞሉት ቶሎ ይሞታል። ለሶላር የሚሆነውም የእርሳስ ባትሪ ቢሆን ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። አርፎ ሲለካ 12.7 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ከ12.2 በታች ከወረደ ግማሹን ጨርሷልና አምፖሉን አጥፉ። ሲሞላ የሚነድ ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ ኩራዝም ሆነ ምድጃ አጠገብ፣ ልጆችም በሚተኙበት ጥግ አይቀመጥ። ነፋስ በሚያገኝ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ክዳን ያለው ይሁን። ከሁሉም በላይ ከባትሪው በሚወጣው ሽቦ ሥር፣ እዚያው ባትሪው ጫፍ ላይ፣ ፊውዝ ይግባ። ሁለት ጫፍ ሲነካካ ከባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊወጣ ይችላል፤ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ግን ቀድሞ ይበጠስና ቤቱን ያተርፋል። በእናታችን ቤት የጎደለችው ያቺ ትንሽ ነገር ናት። የአሮጌ ስልክ ባትሪዎችን ለቅሞ በአንድ ላይ ማሰርንም አጥብቀን እንቃወማለን፤ ተቃጥሎ የሚፈነዳ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ከራሳችን አመንጭተን አይደለም፤ ቀድመውን የሄዱ አሉ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ አንዲት የገጠር መንደር 10.5 ኪሎዋት ሶላር ተተክሎላት ለ300 አባወራ መብራት ሰጥቷል። ከዚህም ይልቅ ለኛ የሚቀርበው በክልላችን በሰሜን ሸዋ ያለችው የሬማ ታሪክ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት በየቤቱ ትንንሽ ሶላር ተከለ። ነገር ግን ተክሎ አልሄደም። ነዋሪው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለጥገና እንዲከፍል ተደረገ፤ እዚያው ሬማ ላይም የሶላር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ከገጠር የመጡ ልጆች ተከላና ጥገና ተማሩ። ፓኔሉ ከውጭ የመጣ ነው፤ እጁ ግን የአገር ልጅ ነው።

በሕንድ ራጃስታን ቲሎኒያ በምትባል መንደር ደግሞ ቤርፉት ኮሌጅ የሚሉት ቦታ አለ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶችን፣ አያቶችንም ጭምር፣ በስድስት ወር ሶላር መግጠምና መጠገን ያስተምራል። ቋንቋ ለማይግባቡት በእጅ ምልክትና በሽቦ ቀለም ነው የሚያስተምሩት። እንግዲህ «እኔ አልተማርኩም» የሚል ሰበብ እዚህ ላይ አይሠራም። ይህን የሚጽፈው የማኅበሩ ጸሐፊም ከአንደኛ ደረጃ አልዘለለም፤ ከላይ ያለውን ሒሳብ ግን ሠርቶታል።

የማላዊው ልጅ የዊሊያም ካምኳምባም ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2001 በተነሣው ረሃብ ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ፣ ከቤተ መጻሕፍት ባገኘው መጽሐፍ ተነሥቶ ከአሮጌ ብስክሌትና ከባሕር ዛፍ ግንድ በነፋስ የሚዞር መብራት ሠራ። ይኸ እውነት ነው፣ ያኮራልም። ግን አስተውሉ። ማማውን፣ ክንፉን፣ መያዣውን በእጁ ሠራ፤ ዲናሞውን ግን አልሠራውም፤ የብስክሌት ዲናሞ አግኝቶ ገጠመው። ብልህ ሰው በእጁ የሚሠራውንና አግኝቶ የሚገጥመውን ለይቶ ያውቃል። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ለጠቅላላ ስብሰባው የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦

1ኛ. የመብራቱ መዋጮ ሴል ለመግዛት አይከፋፈል። ተከፋፍሎ ለማንም አይበቃም።

2ኛ. ከገንዘቡ በከፊል አንድ ደህና ፓኔል፣ ከነኮንትሮለሩና ከነባትሪው፣ ተገዝቶ በማኅበሩ ቢሮ ይተከል። መብራት በጠፋ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ስልኩንና የእጅ ባትሪውን ይሙላበት። ምጥ የመጣባት ሴት ባለችበት ቤት የምትሄድ አንዲት ተንቀሳቃሽ መብራትም ሁልጊዜ ተሞልታ ትቀመጥ፤ ቁልፏም ሌሊት የሚገኝ ሰው ዘንድ ይሁን።

3ኛ. ፓኔል ከመግዛታችን በፊት እንለካው። ባለ 12 ቮልት የሚባለው ፓኔል ምንም ሳይያያዝበት በቀትር ፀሐይ 20 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ሆኖም ቮልት ብቻውን አያታምንም፤ የተዳከመም ፓኔል ያን ያህል ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ አምፔሩም ይለካ፣ ከጀርባው ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋርም ይተያይ።

4ኛ. ቴስተር የሚሉት መለኪያ፣ መበየጃ፣ ፒንሳና ፊውዝ ተገዝተው የማኅበሩ ንብረት ይሁኑ። በየቤቱ የሞቱት ሶላሮች በተራ ይታዩ። ሊድኑ የሚችሉት ይዳኑ፤ አዲስ ከመግዛት የወደቀውን ማንሣት ይቀድማል።

5ኛ. ሁለት ወጣቶች፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት፣ በማኅበሩ ወጪ ሥልጠና ወዳለበት ሄደው ይማሩ። ተምረው ሲመለሱ ሌሎችን ያስተምሩ፤ ለጥገናም መጠነኛ ዋጋ ይቀበሉ። ነፃ ሥራ አይዘልቅም።

6ኛ. በእናታችን ቤት የተቃጠለው ምንጣፍ በማኅበሩ ይተካ፤ ፊውዝ ያለው መብራትም ይተከልላቸው። ይህ ዕዳችን ነው።

ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ ማን ይሁን ለሚለው ኮሚቴው አንድ ሰው በአንድ ድምፅ መርጧል። ያው ያሳፈርነው ልጃችን ነው። ሴል እንደ ወረቀት የሳሳ ነገር ነው፤ ያን ሳይሰብር የበየደ እጅ በሰፈራችን ሌላ የለም። የጎደለው ዕውቀት ነበር፤ ዕውቀት ደግሞ ይገኛል። የተቀየመ ልብ ግን በሥልጠና አይገኝም። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ሽማግሌ ልከን በኮሚቴው ስም ይቅርታ እንጠይቀዋለን። ያየ የሰማ ሁሉ «ግባ፣ ያንተ ቦታ ነው» ይበለው።

ውድ ነዋሪዎች፣ ያን ሁሉ ኦፓል የሰጠን መንደር ስሙ ፀሐይ መውጫ ነው። ድንጋዩን አውጥተን ስንሸጥ ኖረናል፤ ፀሐይዋን ግን በየቀኑ ዝም ብለን እናሳልፋታለን። በአገራችን ሰማይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ ብርሃን ያርፋል። ባለቤት የላትም፣ ቆጣሪ የላትም፣ ጦርነትም መስመሯን አይበጥሰውም። እሷን ለመያዝ ግን ሃምሳ ቤት ለየብቻው ሃምሳ ጊዜ ከሚሳሳት አንድ ላይ ሆኖ አንዴ ቢማር ይሻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሁላችሁም ተገኙ። የምትቃወሙም ኑ፤ በቡና ላይ የምትሉትን በስብሰባው ላይ በሉት። የሞተ ሶላር በቤቱ ያለውም ይዞት ይምጣ፣ እንለካዋለን። እህል ያሰጣችሁበትን ጠርጋችሁ አምጡ።

ከማኅበሩ ጸሐፊ፣ በኮሚቴው ስም
ወገል ጤና